ባሏ የተመለሰበት ፊልም

በርናባስ አንድን ታሪክ ሁለት ጊዜ ቀርጿል። መጀመሪያ በሃያ አምስት ዓመቱ፣ በተዋሰው የሠርግ ካሜራ፣ በጋሞኛ፤ ቀጥሎ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ከአዲስ አበባ በሁለት መኪና ተጭነው በመጡ ሰዎችና መብራቶች፣ በአማርኛ። ሰው የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

ገረሴ በምትባል የጋሞ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምር ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለማይናገር የኋላ ወንበር ተማሪዎች «አልተሰማም ቲቸር» ማለት ልማዳቸው ነው። ወጣት ሳለ ቅዳሜና እሑድ ካሱ ከሚባል የሠርግ ቀራጭ ጋር ይዞር ነበር። ካሜራ የለመደው ከእሱ ነው።

አሰፋሽን ያገኛት በዚያው ዘመን ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው። አሰፋሽ ጀልባዎቹ በሚያርፉበት ቦታ ቁጭ ብላ የሰው ዓሣ እየፋቀችና እየከፈተች የምትኖር ሴት ናት። ባሏ አንድ ጠዋት ከሶቄ እንጨት በተሠራ ታንኳው መረቡን ሊያወጣ እንደሄደ ቀረ። ታንኳው ብቻ ተገልብጦ ተገኘ። አዞ ይሁን ማዕበል፣ ያየ የለም። አሰፋሽ ሦስት ቀን ውሃው ዳር ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ቢላዋ አንስታ የሌሎችን ዓሣ መክፈት ጀመረች።

«ሦስቱን ቀን ምን ትይ ነበር?» ብሎ ጠየቃት በርናባስ በጋሞኛ።

«ምንም።»

«ሰዎቹስ?»

«እነሱም ምንም። ምን ይባላል?»

የቀረጸው ይህንኑ ነው። አሰፋሽ ራሷን ሆና ሠራች። ትወና አታውቅም፣ እሱም ላስተምርሽ አላላትም፤ ተቀመጪ ሲላት ተቀመጠች። ሃምሳ ደቂቃ በሚፈጀው ፊልም ውስጥ የሚያለቅስ አንድም ሰው የለም። አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ያሉ ቪዲዮ ቤቶች አሳዩት፤ ገረሴ በገበያ ቀን ታየ፤ ጫኖ መንደር ሙዝ በሚጫንበት መጋዘን ውስጥ አንሶላ ተሰቅሎ ታየ። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ሄደ። ጫኖ ላይ ፊልሙ አልቆ፣ አንሶላው ነጭ ሆኖ፣ ተመልካቹ ለመነሳት ጊዜ ፈጀ። በርናባስ ስለዚያች ቅጽበት ለባለቤቱ ለዘርፈሽ ስንቴ እንደነገራት እሷ ናት የምታውቀው።

አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ሸዋንዳኝ የሚባል የአዲስ አበባ ፕሮዲዩሰር ደወለ። ፊልሙን አንድ የአርባ ምንጭ ተወላጅ አሳይቶት እንቅልፍ እንዳጣ ነገረው። ድርጅታቸው በአማርኛ፣ በትልቅ ካሜራ፣ እንደገና ሊሠራው ይፈልጋል፤ ዳይሬክተሩም በርናባስ ራሱ ነው።

ውሉ በመጣ ጊዜ ዘርፈሽ ከምሳ በኋላ ቁጭ ብላ አነበበችው። የዞን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለሆነች ወረቀት አትፈራም።

«የመጨረሻው ውሳኔ የድርጅቱ ነው ይላል» አለችው። «የድሮው ፊልምም የእነሱ ይሆናል ይላል። አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እና?»

«ሁሉም ውል ላይ ያለ ነገር ነው አሉኝ።»

ፈረመ።

ለውጦቹ አንድ ባንድ መጡ። አማርኛ መሆኑን አስቀድሞ የተስማማበት ነው። ቀጥሎ አሰፋሽ ቀረች፤ በእሷ ምትክ ሀሌሉያ የምትባል የታወቀች ተዋናይት መጣች። በርናባስ ስለ አሰፋሽ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራከረ። ድምፁ ከፍ ማለቱን ያወቀው ሾፌሮቹ ዞር ብለው ሲያዩት ነው። ሸዋንዳኝ በትዕግሥት ሰማው፣ ትከሻውን ነካ አደረገው፣ «ገባኝ በርኒ፣ በጣም ገባኝ» አለው፤ በማግሥቱ ሀሌሉያ ሜካፕ እየተቀባች ነበር። ቀጥሎ ቦታው ተቀየረ፤ ዓሣ የሚወርድበት ዳር ይሸታል፣ ዝንቡም ለካሜራ አይመችም ተብሎ ከአንድ ሎጅ በታች ወዳለ ንጹሕ አሸዋ ተዛወሩ። ታንኳው ሞተር ያለው ነጭ ጀልባ ሆነ። በዚህ ጊዜ በርናባስ «እሺ» ማለት ጀምሮ ነበር።

ዝምታውን ግን ቀረጸው። ሀሌሉያን ውሃው ዳር አስቀምጦ ምንም አታድርጊ አላት። እሷም ጎበዝ ልጅ ናት፣ ምንም አላደረገችም። ካሜራው አራት ደቂቃ ሳይቋረጥ ቀረጸ። «ቁረጥ» ሲል እንኳ ሀሌሉያ ወዲያው አልተነሳችም። ያን ቀን በርናባስ ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ፤ በዚያ ወር ውስጥ አንድ ነገር የተሰማው ያን ቀን ብቻ እንደነበር በኋላ ለዘርፈሽ ነግሯታል።

ቀረጻው አዲስ አበባ ደረሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሸዋንዳኝ ደወለ።

«አራት ደቂቃ ሙሉ ውሃ የምታይ ሴት! ሰው ስልኩን ያወጣል በርኒ። ወደ አሥር ሰከንድ አውርደነዋል። ከሥሩ ዘፈን ይገባል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ሌላም አለ። ባልየው ይመለሳል።»

በርናባስ የሰኔ ፈተና እያረመ ነበር። ቀይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሞቷል እኮ።»

«በስክሪፕቱ ነዋ የሞተው።»

«በስክሪፕቱ አይደለም።»

ሸዋንዳኝ ቀስ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገር ሆኖ፣ «ወንድሜ፣ ሕዝቡ በቂ ሐዘን አለበት። ትኬት ቆርጦ ሌላ ሐዘን አይገዛም» አለው። ሸዋንዳኝ ይህን ሲል ክፋት አልነበረበትም። የሚያምንበትን ነው የተናገረው።

ለአንድ ቀን ቀረጻ ተመልሰው መጡ። ከኋላ መኪናው ውስጥ ገነነ የሚባል ሌላ ዳይሬክተር ተቀምጦ ነበር። በርናባስ እምቢ ቢል በእሱ ቦታ ሊቀርጽ እንደመጣ ማንም አልተናገረም፤ በርናባስም አልጠየቀም። ባልየው ጭንቅላቱን በፋሻ ታስሮ ከሸምበቆው መሀል ወጣ፣ ሀሌሉያ እየጮኸች ሮጠች፣ ተቃቀፉ። ስድስት ጊዜ ደገሙት። «አክሽን» ያለው በርናባስ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰጠው መመሪያ አንድ ብቻ ነው፦ «ትንሽ ቀስ ብለሽ ሩጪ።»

ያን ጊዜ ምን ተሰማህ ብላ ዘርፈሽ ጠየቀችው። ጥርስ ሲነቀል የሚሰጠውን መርፌ አስታወሳት። ከንፈርሽ እንዳለ በእጅሽ ነክተሽ ታውቂያለሽ፣ ግን ያንቺ አይመስልሽም፤ እንደዚያ ነው አላት።

በፊልሙ ባልየው እንደሚመለስ ለአሰፋሽ ሊነግራት ሁለት ጊዜ ወደ ጫሞ ወረደ። ሁለቱንም ጊዜ ዓሣ ገዝቶ ተመለሰ።

ፊልሙ አርባ ምንጭ ሲመረቅ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አሰፋሽ ነጠላዋን ለብሳ መጣች፤ ሸዋንዳኝ የክብር ቦታ አስጠብቆላት ስለነበር ከበርናባስና ከዘርፈሽ ጋር ከፊት ተቀመጠች። አማርኛዋ ለገበያ የሚበቃ ነው፤ ከፊልሙ የገባትም ያልገባትም ይኖራል። ባልየው ከሸምበቆው ሲወጣ አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናጋ። ከኋላ ሴቶች እልል አሉ። በርናባስ ወደ ጎን ማየት ፈርቶ ፊት ለፊቱን አየ።

ውጭ ሲወጡ አሰፋሽ እጅጌውን ያዝ አድርጋ አስቆመችው።

«አስተማሪ» አለችው በጋሞኛ። «የት ነበር አሉ?»

«ማን?»

«ሰውየው። እነዚያን ቀናት ሁሉ የት ነበር አሉ?»

«ማዶ። ማዕበሉ ወስዶት፣ ሰዎች አግኝተው ሲያስታምሙት ነበር።»

አሰፋሽ አሰበች። አልተቆጣችም። የጠፋ ነገር የት እንዳስቀመጠች ለማስታወስ እንደምትሞክር ሰው ግንባሯን ቋጠረች።

«ማዶ ሰው ልከን ነበር እኮ» አለችው። «የለም ነው ያሉን። በደንብ አልፈለጉም ይሆን?»

በርናባስ ፊልም እኮ ነው ሊላት አፉን ከፈተና ተወው። ዘርፈሽ ናት ክንዷን ይዛ ባጃጅ ድረስ የሸኘቻት።

ፊልሙ አዲስ አበባ ብዙ ሳምንት ታየ። በርናባስን ለቃለ መጠይቅ ጠሩት፤ ደስ እንዳለው ተናገረ፣ ድርጅቱን አመሰገነ። ቀጥሎ በውሉ መሠረት የድሮው ፊልም ከኢንተርኔት ላይ እንዲጠፋ ተደረገ፤ የሠርግ ቀራጩ ካሱም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣቸውን ካሴቶች ተጠይቆ ሰጠ። አንዳንድ የቆዩ ስልኮች ላይ ሳይቀር አልቀረም፤ በርናባስ ግን ፈልጎ አያውቅም።

አሰፋሽ ያንኑ ሥራዋን ትሠራለች። ጫሞን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ከጀልባ ሲወርዱ አስጎብኚዎቹ እሷን ያሳዩአቸዋል፣ እነሱም ጠጋ ብለው «ባሏ የተመለሰላት ሴት አንቺ ነሽ?» ይሏታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ለማስረዳት ትሞክር ነበር። አሁን «አዎ» ብላ ዓሣዋን መክፈት ትቀጥላለች። ይህንን ለበርናባስ የነገረችው ራሷ ናት፤ ስትነግረው ቢላዋውን አላቆመችም።

ባለፈው የካቲት አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ሸዋንዳኝ ደወለ። በርናባስ በረንዳው ላይ ቆሞ ትንሽ አነጋገረውና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ማን ነው?» አለችው ዘርፈሽ።

«ሸዋንዳኝ።»

«ምን አለ?»

«ከዚያው ካካባቢያችሁ ሌላ ታሪክ አለህ ወይ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«የለኝም አልኩት።»

ዘርፈሽ ቀና ብላ አየችው። ሲያስብበት የኖረው ቢያንስ ሁለት ታሪክ እንዳለው ታውቃለች፤ አንደኛውን አንድ ምዕራፍ ድረስ ታይፕ ያደረገችለት እሷ ናት። በርናባስ እጁን ታጠበና መብላቱን ቀጠለ።