ሊቀመንበሩ ያላነበበው ዝርዝር

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የእናቴን ደብተር ሲቀድ እኔ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም። በዚያ ዘመን አፉን የከፈተ ሰው የት እንደሚያድር አይታወቅም። ዝም ያልኩት ግን ትቼለት አልነበረም።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስለተቀመጥኩ፣ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ሴቶችን እንዳስተምር ተመደብኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ እናቴ ነበረች፤ ወሎ ተወልዳ ሶማሌ ተራ አጠገብ ቅመም ስትሸጥ የኖረች ሴት። በመጀመሪያው ቀን ሊቀመንበሩ ከጸሐፊው ጋር ሊመዘግብ መጣ።

«ማንበብ ትችያለሽ?» አላት፣ በእናቱ ዕድሜ ያለችውን ሴት።

«አዎ፣ ልጄ» ብላ ከነጠላዋ ሥር ደብተሯን አወጣች። አባቷ ያስተማሯትን መንዙማ፣ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ አድርጋ የጻፈችበት ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ስትሞላው ኖራለች።

ገለጥ ገለጥ አደረገና ሳቀ። «ይሄ የዶሮ ጭረት ነው። ማይም ብለህ ጻፍ!» አለው ጸሐፊውን። ከዚያ ደብተሩን ለሁለት፣ ደግሞ ለአራት ቀደደው፤ አዳራሽ ሙሉ ሴት እያየ። እናቴ ቁራጮቹን ልትለቅም ጎንበስ ስትል በጫማው ረገጠባት።

ከእናቴ የቅመም መደብር ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ቱርክ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አማርኛቸው ከእኛ አይተናነስም። በማግስቱ ፊቴን አይተው «ማን ነካሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። የስፌት መኪናቸውን አቆሙ።

«አባቴ አገራችን ቱርክ ውስጥ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር» አሉ። «መስጊዱ በር ላይ ተቀምጦ ለከተማው ሰው ሁሉ ይጽፋል፤ ቱርክኛ፣ በዐረብ ፊደል። እንደ እናትሽ ማለት ነው። መጀመሪያ መንግሥት ቆባችሁን አውልቁ፣ ባርኔጣ አድርጉ አለን። አደረግን። ቀጥሎ ፊደሉ ተለወጠ፣ በፈረንጅ ፊደል ብቻ ጻፉ ተባለ። አባቴ አንባቢ ሆኖ ተኝቶ ማይም ሆኖ ነቃ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰሌዳ ሰቅለው ከሕፃናት ጋር አስቀመጡት። የሰፈሩ ሹም ስምህን ጻፍ አለው። ሲያቅተው ሳቀበት።»

«ከዚያስ፣ ጋሼ?»

«ከዚያማ ሁለት ክረምት አልቆየም፣ ሞተ። እኔ ፊደሉን አልጠላሁትም። እኔም ተማርኩበት፣ እህቴ አስተማሪ ሆነችበት፤ በእናቴ ዘመን የማይታሰብ ነገር ነው። የጠላሁት ሹሙን ነው። ቆይቼ ምን ሰማሁ መሰለሽ? ሰውዬው ራሱ ከፊርማው በቀር ምንም አይጽፍም ነበር። ያኔ ባውቅ ኖሮ!» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «በሌላው አለማወቅ የሚስቅ ሰው የሚደብቀው አያጣም። ያንቺውን ሰውዬ ዓይኑን ተከታተይ።»

ተከታተልኩ። ወረቀት ሲሰጡት ወደ ጸሐፊው ያሳልፋል። ጋዜጣ ይገልጣል፣ ዓይኑ ግን ፎቶው ላይ ነው። ማንበብ ግድ ሲሆን መነጽሩን ቤት ረስቷል። እርግጠኛ ልሁን ብዬ አንድ ቀን ጸሐፊው በሌለበት «የጠመኔ መጠየቂያ ነው» አልኩና ወረቀት አቀረብኩለት። የተጻፈው «እኔ አህያ ነኝ» የሚል ነበር። ኮስተር ብሎ አየውና ፈረመ። ቤት ገብቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ያን ቀን ምግብ ጣፈጠኝ።

እናቴን ቤትም ክፍልም አስተማርኳት። ሁለት ወር ሳይሞላ ፊደሉን ጨረሰች። የምረቃው ቀን ሲደርስ ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። «የተመራቂዎችን ስም ጓድ ሊቀመንበር ራሳቸው ያነባሉ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊውን በር ላይ እንግዳ ተቀባይ አደረግሁት።

ከከፍተኛው፣ ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ የመጣው እንግዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዝርዝሩን በሁለት እጄ ለሊቀመንበሩ አቀበልኩት። ወረቀቱን ሲያይ ግንባሩን ላብ አቸፈቸፈው።

«መነጽሬን ረስቻለሁ።»

«ከደረት ኪስዎ ውስጥ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

አደረገው። ወረቀቱን አንዴ ወደ ዓይኑ አቀረበ፣ አንዴ አራቀ። እንግዳው «ምን ሆነሃል? አንብብ እንጂ!» አለው። እኔ ልረዳው አልተጠጋሁም። ጭንቁ እንዲረዝምበት ፈልጌ ነበር።

ያቋረጠችው እናቴ ናት። ከመቀመጫዋ ተነሥታ «አምጣ፣ ልጄ፣ እኔ ላንብብልህ» አለች። የአንዷንም ስም ሳትስት እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

እንግዳው ሊቀመንበሩን ከሥልጣን አላወረደውም። ከዚያ የባሰ ነገር አደረገበት፤ በሚቀጥለው ዙር ተማሪ ሆኖ እንዲመዘገብ አዘዘ። እኔ ክፍል፣ ፊት አግዳሚ ላይ፣ ከቅመም ሻጮቹ መካከል ተቀመጠ። በየቀኑ ሰሌዳው ጋ አስነሣው ነበር። «ሀ»ን እና «ሐ»ን ሲያምታታ ወደ ሴቶቹ ዞሬ «ማይምነት ከባድ በሽታ ነው» እላለሁ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ።

እናቴ ይህን ስትሰማ በርበሬ የምትሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠች። «አንቺና እሱ አሁን በምን ትለያላችሁ?»

«እኔ አነባለሁ» አልኳት።

ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። ቱርኩ ሽማግሌ ግን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ፤ «እንደገና ንገሪኝ፣ ከኪሱ ጀምረሽ» አሉኝ።

ሊቀመንበሩ በሦስተኛው ሳምንት መምጣቱን ተወ፤ ከሰፈሩም ለቀቀ ተባለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እህል በረንዳ ጤፍ ስገዛ ሚዛን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ኩንታሎቹ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣ ግን ራሱ ያነብ ነበር። አወቀኝ። ቆቡን አውልቆ «መምህርት፣ እንደምን ነዎት?» አለኝ።

ሰምቼዋለሁ። መልስ ሳልሰጠው ከሚቀጥለው ሻጭ ገዛሁ።