አንቺ ግን አትጥሪ

ስንጋባ እኔ የሃያ ሦስት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ የከባድ መኪና መካኒክ። ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከቀበሌ የተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረችን። ሰርጋችን ትንሽ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ እንግዳው ሁሉ ወደየቤቱ መግባት ስለነበረበት በቀን ጨፍረን በቀን ተለያየን።

እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። የሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ፀጉሬን እየሠራችኝ፣ ፊቴን ሳታይ፣ ስለ ባልና ሚስት አንድ ነገር ነገረችኝ።

«ሲጠራሽ እምቢ አትበይ። አንቺ ግን አትጥሪ።»

«ለምን?» አልኳት።

ማበጠሪያውን ፀጉሬ ውስጥ እንደተከለችው ቆመች። «ወንድ ሁልጊዜ ይፈልጋል፤ ሴት ትታገሳለች። ከዚህ ሌላ ካየሽ፣ ወይ ወንዱ ወንድ አይደለም፣ ወይ ሴቷ ጨዋ አይደለችም።»

ይህን ስንቅ ይዤ ትዳር ገባሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለታችንም አዲስ ስለነበርን ማን ጠራ፣ ማን ተጠራ የሚባል ነገር አልነበረም። ዓመት ሲሞላን ግን እሱ እየራቀ መጣ፤ እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ከሥራ ሲመለስ የቱንም ያህል ቢታጠብ የናፍጣው ሽታ ከአንገቱ ሥር አይለቅም። ሌላ ሰው የሚጠላው ሽታ ነው፤ እኔ እወደው ነበር። ራት እንበላለን፣ ሬዲዮኑን ይዘጋል፣ «ዛሬ ደክሞኛል» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሬ እጄን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩ። የተኛ መሰለ፤ እንዳልተኛ ግን ከትንፋሹ አውቄያለሁ። እጄን መለስኩና አፈርኩ። አክስቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር? ለንስሐ አባቴ ልናገር ቆርጬ ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ለሰላምታ ብቻ ነው፣ አባ» ብዬ ተመልሻለሁ።

ከዚያ የባሰው መጣ። በየቅዳሜው «ጋራዥ ተጨማሪ ሥራ አለን» እያለ መውጣት ጀመረ። አንድ እሑድ ቱታውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ፣ ከብሎንና ግራሶ ከነካው ጨርቅ ጋር ሁለት ትኬት አገኘሁ። የሶደሬ መዋኛ መግቢያ ነው። ሁለት። አንዱ የሱ፣ ሌላው የማን?

ትኬቶቹን መልሼ ቱታውን ሳላጥብ ሰቀልኩት። ወንድ ሁልጊዜ ይፈልጋል ተብዬ የለ? ከእኔ ካልፈለገ ከሌላ ነው፤ ሒሳቡ ለእኔ ያለቀ መሰለኝ። እህል አስጠላኝ፤ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ የምጽፈው ይጠፋኝ ጀመር።

ያን ጊዜ ከሥራ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ለሴቶች መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል የአጥር ጎረቤቴ ይገኙበታል፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ የአርሲ እስላም ናቸው። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛው ጣል ጣል ይላል፤ እኔን «ኢንታላ ኮ» ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም እትዬ እላቸዋለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ትምህርቱ ሲያበቃ አንድ ካድሬ መጥቶ ስለ ሴቶች እኩልነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ሲጨርስ፣ «ሴትና ወንድ በሁሉም ነገር እኩል ናቸው። ጥያቄ ያለው?» አለ።

እትዬ እጃቸውን አወጡ። «በሁሉም?»

«አዎ፣ እናቴ፣ በሁሉም።»

«አልጋ ላይም?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ካድሬው ወረቀቱን አገላበጠ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ በመጨረሻ፣ «ጥያቄው ለሚመለከተው አካል ይተላለፋል» ብሎ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ከእትዬ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ እኔ ብቻ አለመሳቄን አይተው ኖሯል።

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ያን ነገር የጠየቁት ለቀልድ ነው?»

«ለምን እቀልዳለሁ? ሁለት ባል አግብቻለሁ። የመጀመሪያው እንደ ግመል ነበር፤ በወር አንዴ ውሃ ከጠጣ ይበቃዋል። ሁለተኛው እንደ ዳክዬ፣ ከውሃ ውስጥ አይወጣም። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ አንድ ሰው ነኝ፤ አልተለወጥኩም። ከመጀመሪያው ጋር ሳለሁ ዓይን አውጣ አሉኝ፣ ከሁለተኛው ጋር በረዶ አሉኝ።»

መንገድ ዳር፣ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። የባሌን መራቅ፣ የእኔን ፍላጎት፣ ትኬቶቹን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሳቸው የነጠላዬን ጫፍ ይዘው ፊቴን ጠረጉልኝ።

«ከግመል ጋር ነው የምትኖሪው ወይስ ከሌባ ጋር፣ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። ቤት ተቀምጠሽ አትሙቺ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ ከወጣ አንድ ሰዓት ቆይቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እስከ አዋሽ መልካሳ ድረስ የምናገረውን በልቤ ስለማመድ ሄድኩ። ለእሱ አንድ፣ ለሴትየዋ ሌላ ንግግር አዘጋጅቻለሁ። የሴትየዋ ረጅም ነበር።

ሶደሬ እንደ ቅዳሜነቱ ሞልቷል። መዋኛው ዳር ቤተሰብ ሁሉ ምንጣፍ ዘርግቷል፣ ጦጣዎቹ ከሰው እጅ ዳቦ ይነጥቃሉ፣ ቢራ የያዙ ባለ ሥልጣናት በዛፍ ጥላ ተቀምጠዋል። በየጥንዱ ፊት እየዞርኩ አየሁ። የለም። ልመለስ ስል ፍል ውሃው ወደሚወርድበት ዞር አልኩ። እዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቅልሎ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ባሌ አለ።

ሲያየኝ ብድግ አለ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሴትየዋ የት አለች?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ኪስህ ውስጥ ሁለት ትኬት አግኝቻለሁ።»

በጣቱ ቆጠረ። «አንዱ ያለፈው ቅዳሜ ነው። አንዱ የዚያኛው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ከእኛ ሌላ ጓደኛ አላየንበትም። እኛን ከቆጠርሽን ደግሞ ደስ ይለናል።»

ያን ሁሉ መንገድ የተለማመድኩት ንግግር ጠፋኝ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ወደ አዋሽ ዳር ወርደን ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ወንዙን እያየ፣ «ወንድ አይደለሁም ብዬ ነው የምመጣው» አለኝ።

ጋራዥ ውስጥ ሰኞ ሰኞ ወንዶቹ ከመኪና ሥር ተኝተው ስለ ቅዳሜና እሑዳቸው ያወራሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ካለ ሌላው አምስት ይላል። እሱም ይዋሻል፤ ከዚያም ከሁሉም ውስጥ የሚዋሸው እሱ ብቻ እየመሰለው ይመለሳል። በዚያ ላይ ታናሽ ወንድሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ እንዲህ እንደሚበላው ግን አላወቅኩም። አንድ ሽማግሌ ሹፌር የሶደሬ ፍል ውሃ ወንድነት ይመልሳል ቢለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን ይቀቅላል።

«ስትነኪኝ ደስ ይለኛል» አለኝ። «ግን እንደምትጠብቂው ባልሆንስ ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ እተኛለሁ።»

«አትተኛም።»

«አልተኛም» አለና አንገቱን ደፋ።

«እኔ ደግሞ» አልኩት፣ «ሴት ሆኜ ይህን ያህል መፈለጌ በሽታ ይሆናል ብዬ ንስሐ አባት ቤት ድረስ ሄጃለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን አሉሽ?»

«ሰላምታ ሰጥቻቸው ተመለስኩ።»

ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እሱ ጀመረው፣ እኔ ተከተልኩ፣ ዓይናችን እስኪያነባ ሳቅን። ሌላ ሴት የለችም፤ እሱ አልጠላኝም፤ እኔም ባለጌ አይደለሁም። በአንድ ከሰዓት ሦስቱንም አወቅኩ።

ሰኞ አብረን አንድ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ የነበሩት ሸምገል ያሉ ድሬሰር በጥሞና ሰሙን። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ወንድሙም ጠየቁት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እዚህ ወንበር ላይ ሚስቴ ከለከለችኝ የሚል ወንድ ይቀመጣል፤ ባሌ ረሳኝ የምትልም ትቀመጣለች። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ እሱ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እሷ በሹክሹክታ» አሉን።

«መድኃኒቱስ?» አለ ባሌ።

«ቅዳሜ ቤትህ አርፈህ ዋል። ፍል ውሃውን ለጉልበተ ደካሞች ተውላቸው።»

ያ ቀን ሁሉን ነገር አላስተካከለም። እኔ ከእሱ ይበልጥ እፈልግ ነበር፣ ለብዙ ጊዜም እንዲሁ ቆየ። ግን መጥራት ጀመርኩ፤ እሱም ግድግዳውን ተወና ወደ እኔ ዞሮ «ዛሬ አልችልም» ማለትን ለመደ። ፊቱን እያየሁ የሰማሁት እምቢታ አላሳመመኝም። አንዳንዴ እጄን ይዞ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ እጄን ይዞ ሐሳቡን ይለውጣል። የወንድሙ ደብዳቤ የደረሰን ሳምንት፣ እሱ ነበር የጠራኝ።

ከዚያ ልጆች መጡ። ሁለተኛውን ከወለድኩ በኋላ ፍላጎት ከእኔ ዘንድ ጭራሽ ጠፋ። ጡት ማጥባት፣ ክፍል ውስጥ መቆም፣ ለስኳር ቀበሌ ሱቅ መሰለፍ፤ ሰው እጄን ሲነካኝ እንኳ «አሁን ደግሞ ምን ፈለገ?» የሚል ስሜት ይመጣብኝ ነበር። እሱ ደግሞ በዚያው ጊዜ እንደ አዲስ ሙሽራ ሆነ። አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ ልጆቹ እትዬ ግቢ ሲጫወቱ፣ አልጋ ላይ ጋደም ባልኩበት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና አንገቴን ነካ አደረገ።

«ዛሬ አልችልም» አልኩት።

ፊቴን አየ። አልተቀየመም፣ አልጠረጠረኝም። «እሺ፣ ተኚ» ብሎ አንሶላውን ወደ ትከሻዬ ሳበልኝና ፓፓያ ሊቆርጥ ወደ ጓሮ ወጣ። ቢላዋው ሳህኑን ሲነካ እየሰማሁ፣ ከወለድኩ ወዲህ ተኝቼ የማላውቀውን እንቅልፍ ተኛሁ።