አሥራ ሁለት ነጭ ጋዋን

ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰፈሩ «መርፌው» ይለዋል፤ ቀጭንም ስለሆነ፣ ምላሱም ስለሚወጋ። አርባ ዓመት ሙሉ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ትከሻና ወገብ ሲለካ ኖረ። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ ያ መርፌ ነው።

ኩላሊቱ ሥራ ሲያቆም በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ታዘዘለት። የእጥበቱ ማሽን ብዙ ደም በፍጥነት ስለሚስብ ተራ የደም ሥር አይችለውም። ስለዚህ ሐኪሙ ክንዱ ውስጥ ሁለት የደም ሥሮችን ገጥሞ ሰፊ መንገድ አበጀለት። የግራው በዓመቱ ተዘጋ። የቀረው ቀኙ፣ መርፌ የሚይዝበት ክንዱ ነበር፤ እሱንም እንዲሁ አበጁለት።

«ስፌቱን አየሽው?» አለኝ ፋሻው የተነሳ ዕለት። «እንዲህ አድርጌ ሱሪ ብሰፋ ባለቤቱ ፊቴ ላይ ይወረውርብኝ ነበር።»

ይበል እንጂ ይኮራበታል። ጠዋት ጠዋት ክንዱን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ «ስሚ፣ መኪናዬ እየሠራች ነው» ይለኛል። እውነትም ከቆዳው ሥር አንድ ነገር እንደ ስፌት መኪና ያጉረመርም ነበር።

መንገዱ እንዳይዘጋ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ታዘዘለት። «ዋስትና አይደለም» አለው ሐኪሙ፤ «ግን እኔን ሳትጠይቅ እንዳታቋርጥ። ሌላ ክንድ የለህም።»

ክኒኑ ለልብስ ሰፊ ክፉ ነበር። ድሮ መርፌ ሲወጋው ጣቱን መጠጥ አድርጎ ይቀጥላል፤ አሁን ደሙ አልቆም አለ። ጥቁር ሱፍ ሲሰፋ ግድ አልሰጠውም። በኋላ ግን የእጥበት ክፍሉ ሲስተሮች ጨርቁን ገዝተው አሥራ ሁለት ነጭ ጋዋን አዘዙት። ጠርዙን በመኪና አልነካም፣ በእጄ ነው የምዘመዝመው ብሎ ድርቅ አለ። የመጀመሪያው ኮሌታ ላይ ደም ጠብ አለ። ቢያጥበው ቢያጥበው ቢጫ ጥላ ቀረ።

«ነፍሴን ይዘው ለሚያቆዩ ልጆች እድፍ ላልብሳቸው?» አለ። ቀና ብሎም «አንቺ ምሁሯ፣ ክኒኑን አንድ ሳምንት ብተወው ምን ይለኛል?»

የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ነበር። ቀና ሳልል «አንድ ሳምንት ምን ታመጣለች ብለህ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። የማስተምረው ታሪክ ነው። እሱ ግን የተማረ ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ ያምናል፤ ያስተማረኝም ለዚያ ነው።

ጋዋኖቹ በስምንት ቀን አለቁ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ክንዱን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። ምንም የለም።

«ቆይ፣ በደንብ ላድምጥ» አልኩ።

«ተይው» አለ። «እኔ የቆመ መኪና አውቃለሁ።»

ሲስተሯ አዲሱን ጋዋን ለብሳ ክንዱን ደጋግማ ዳሰሰች። ሐኪሙ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሰጥቶ ሞከረ፤ አልሆነም።

«ክኒኑን ማነው ተው ያለህ?» አለ ማቋረጡን ሲሰማ።

ቦርሳውን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ወንድሜ ወደ እኔ አልዞረም። «ማንም። የራሴ ድንቁርና ነው።»

«ባታቋርጥም ሊዘጋ ይችል ነበር» አለ ሐኪሙ ለስለስ ብሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እንዴት ዝም አሉት?»

«አልነገረኝም» አልኩ።

ስንወጣ «የሲስተሯ ኮሌታ እንዴት እንደተቀመጠላት አየሽ? አንዲት ጠብታ የለባትም» ብቻ አለ።

ከዚያ በኋላ የሚታጠብበትን ቱቦ አንገቱ ላይ አስገቡለት። በሕይወት የቆየው ሰባት ወር ነው፤ የወሰደውም የቱቦው ቁስል ማመርቀዙ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሱቁን አልዘጋም። ሜትሩ አንገቱ ላይ አልንጠለጠል ስላለ ደንበኛ ሲመጣ እኔ እይዝለታለሁ። «አጥብቂው እንጂ፣ ምሁሯ» እያለ ይቀልድብኛል።

ምን ይመስልሻል ብሎ ግን ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም።