በአፍንጫዋ ፈንታ

የጭነት መኪና ሹፌሩ የመለዋወጫ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ሦስት የሙቀት ጌጅ አስደርድሮ፣ አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል ረፋዱ አለፈ። ባለሱቁ ትዕግሥተኛ ነው፤ ትዕግሥትም ግን ልክ አለው።

«ጋሼ፣ ሚስት እኮ አይደለም የሚመርጡት!»

«ሚስቴንማ ባንድ ቀን ነው የመረጥኳት» አለ ሹፌሩ። ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ሚስቱ ከሞተች ዓመት ሊሆናት ነው። ልጆቻቸው አግብተው ሲወጡ ባዶ ቤት መጠበቅ ሰልችቷት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ረዳትህ እኔ ነኝ» ብላ ክርና ኪሮሿን ይዛ ጋቢና ገባች። አፍንጫዋ ጉድ ነበር። ከራዲያተሩ ትንሽ ውሃ ካመለጠ ሽታውን ከማንም ቀድማ ትለያለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሸተተኝ! አቁም!»

እሱ የመኪናውን ጌጅ ያሳያታል፤ ቀስቱ መሃል ላይ ተኝቷል። እሷ ደግማ ትጮኻለች። «እሺ፣ ሰማሁሽ! ሰማሁሽ አልኩ እኮ!» እያለ ዳር ይይዛል፤ ወርዶ ሲያይ ሁሌም ልክ እሷ ናት። ታዲያ አመስግኗት ያውቃል? ምን በወጣው! «ይህን አፍንጫሽን ዳሽቦርዱ ላይ ልግጠመው» እያለ ያፌዝባት ነበር እንጂ።

እሷ ከሞተች በኋላ አንድ ቀን ዳገት ላይ የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ፈነዳ። ጋቢናው ሸቶ ነበር፤ ግን ቀስቱን አየና ነዳ፤ አቁም የሚለው ሰው አልነበረም። ጌጁ የሚለካው ውሃውን ነው፤ ውሃው ፈሶ ሲያልቅ ባዶ አየር እየለካ እዚያው መሃል ላይ ቀረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይሄ ውሻ ግን ጭራሽ አልጮኸም።

መካኒኩ ሞተሩን በስንት መከራ አድኖ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ከፈላ ግን መኪናዋን ይርሷት» አለው። መኪናዋ ከሄደች የሚቀረው ያ ባዶ ቤት ብቻ ነው። ከየትኛውም ገደል ይልቅ የሚፈራው እሱን ቤት ነው።

«ይሄኛው ቆንጆ ነው፤ ማታ ሰማያዊ ያበራል» አለ ባለሱቁ።

«ሴንሰሩ የት ነው የሚገባው?»

«ውሃው ውስጥ።»

«ተወው፤ እሱን አውቀዋለሁ።»

ሁለተኛው ሞተሩ ብረት ላይ በብሎን የሚታሰር ነው፤ ውሃ ኖረም አልኖረም የብረቱን ሙቀት ይለካል። ግን ቀስት ብቻ ነው፤ ድምፅ የለውም። ሦስተኛውም እንደሱ ብረቱ ላይ የሚታሰር ነው።

«ይሄ ግን ይጮኻል» አለ ባለሱቁ ፊቱን አጨማዶ። «ጆሮ ያደነቁራል። ስንቱ ገዝቶ መልሶልኛል።»

«እሱን ስጠኝ።»

ከሱቁ አጠገብ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጌጁን መሪው አጠገብ ሊገጥመው ሲል፣ ሹፌሩ ባዶው ወንበር ፊት ለፊት ያለውን ቦታ አሳየው።

«ከዚያማ በደንብ አይታይዎትም።»

«ብሰማው ይበቃኛል።»

ኤሌክትሪሺያኑ ሴንሰሩን ከማሰሩ በፊት ለሙከራ በላይተር አሞቀው። ጌጁ ጋቢናውን በጩኸት ሞላው።

«እሺ፣ ሰማሁሽ! ሰማሁሽ አልኩ እኮ!» አለ ሹፌሩ።

ኤሌክትሪሺያኑ ዞሮ ወንበሩን አየ። ማንም የለም።

«ላጥፋው ጋሼ?»

«ተው» አለ ሹፌሩ። «ትንሽ ትጩህ።»