ጎመናቸውን የነቀለው ሰው

አክስቴ ከፒያሳ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ጎመን የሚያለሙባት ቁራሽ መሬት ነበረቻቸው። እኛ የሰፈሩ ልጆች በነፃ እናግዛቸው ነበር። ከአትክልት ተራ የተጣለ ቅጠል አስለቅመውን እያበሰበሱ፣ «መጀመሪያ አፈሩን አብሉት» ይሉናል። ጎመኑን የሚያድሉት ለታሰሩ ሰዎች ቤተሰብ ነበር።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ከአብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ።

«የአድኃሪ ቤተሰብ መቀለብ ክልክል ነው!»

«ሕፃናቱም አድኃሪ ናቸው?» አሉት አክስቴ።

ሊቀመንበሩ ጎመኑን ከነሥሩ አስነቀለ፤ እሳቸውንም አሰራቸው። ታመው ወጡ፤ አልዳኑም። መሬቷ እስከ ዛሬ ጦሟን ታድራለች።

ይኸው ሰው ቀብራቸው ላይ ቆሞ፣ «የሰፈራችን እናት ነበሩ» አለ። ለቀስተኛው ፈርቶ አቀረቀረ። አፈር ሊመልስ አካፋ ሲያነሳ ግን አላስቻለኝም።

«አንተ አትንካቸው!» ብዬ ከእጁ ነጠቅኩት።