የእኔ ድንክ ጤፍ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁት ጤፍ ነው፤ ቁመቱ ከመሬት ብዙም የማይነሳ ድንክ ጤፍ። አማካሪዬ "ለምን እንደሚያጥር ካወቅሽ ተመረቅሽ" ብሎኝ ነበር።

የላብራቶሪው መብራት እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ ችግኞቹን በታክሲ ጭኜ ልደታ ኮንዶሚኒየም ወዳለው ቤታችን አመጣኋቸው። በረንዳው ላይ በእናቴ ሳፋዎች ደረደርኳቸው። እናቴ ሱቋን ከዘጋች ወዲህ ቤት ነው የምትውለው።

"ይኼ ሁሉ ድካም ለማይበላ ጤፍ ነው?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ተክል ውስጥ እድገትን ይዞ የሚያቆም ፕሮቲን አለ። ማደግ ሲኖርበት አንድ ሆርሞን ይመጣና ፕሮቲኑ ላይ ምልክት እንዲለጠፍበት ያደርጋል። ምልክት የተለጠፈበትን ሴሉ ራሱ ሰባብሮ ያስወግደዋል። ያኔ ሴሎቹ ይከፋፈላሉ፣ ይረዝማሉ።"

"ድንኩስ?"

"የሱ አልሰበር ብሎ ይሆናል። እሱን ነው የማጣራው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስውል ውሃ የምታርከፈክፍላቸው እሷ ሆነች። ድንኮቹን "ምስኪኖቼ" ትላቸው ነበር።

ለማነጻጸሪያ ላበቀልኩት ረጅም ጤፍም ለድንኩም ሆርሞኑን ሰጥቼ ከሥሮቻቸው ጫፍ ናሙና እየወሰድኩ ፕሮቲኑን ተከታተልኩ። በረጅሙ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። በድንኩ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ሴሎቹም መከፋፈላቸውን ቀንሰው ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

አማካሪዬ ውጤቱን አይቶ "ሁሉንም ላኪልኝ፤ ለማንም እንዳታወሪ" አለኝ። ላክሁለት።

ከወራት በኋላ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ሆቴል ስብሰባ እንዳለ ከጓደኛዬ ሰምቼ ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። አማካሪዬ ንግግሩን ሲጀምር ስክሪኑ ላይ የኔ ጤፍ ወጣ። ከጀርባው የበረንዳችን ብረትና የእናቴ ቢጫ ሳፋ ይታያል። ከላይ የሱ ስም፣ ከሥሩ ውጭ አገር ያለ ባልደረባው ስም ተጽፏል። የኔ የለም።

ለሻይ ሲወጡ ጠጋ አልኩት። "የኔ ስምስ?"

"አንቺ እኮ ውሃ ነው ያጠጣሽው። ሐሳቡ የኔ ነው።"

"ሙከራውን የሠራሁት እኔ መሆኔን ያውቃሉ።"

"መመረቅ ትፈልጊያለሽ አይደል?" አለኝና ሳንቡሳውን ነክሶ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አመለከትኩ። ኃላፊው በትዕግሥት ሰምተውኝ፣ "እሱ እንደ አባትሽ ማለት ነው። ይቅርታ ጠይቂውና ጨርሺ" አሉኝ። ያለሱ ፊርማ መመረቅ አልችልም። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ምን እንዳጠፋሁ እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላውቅም።

በምርቃቴ ቀን እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የአማካሪዬን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለችለት።

"ልጄን ሰው አደረጉልኝ። እግዜር ውለታዎን ይክፈልልኝ።"

"ጎበዝ ልጅ ናት። ትንሽ ቁጡ ናት እንጂ" አላት እየሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ ፎቶ አንሺውን የማይ መሰልኩ።

አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሆነውን ለእናቴ አልነገርኳትም። ሳፋዎቿን አጥባ በረንዳው ላይ ልብስ ታጥብባቸዋለች፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ እሱ ደግነት ታወራለች። በዓል ሲደርስ ደግሞ "ደወልሽላቸው?" ትለኛለች።

ደወልኩ እላታለሁ።