በበይሉል መንገድ ላይ የሰማነው ዳጉ

ትናንት ምሳ ላይ ልጄ ሰላም ለተማሪዎቿ የምታስተምረውን አጫወተችኝ። ሴል ውስጥ ጠባቂዎች አሉ አለች፤ ቫይረስ ሲገባ የዘረመሉን ባዕድነት ለይተው ለጎረቤት ሴሎች ወሬ ይልካሉ፤ ጎረቤቶቹም በራቸውን ይዘጋሉ። «ወሬውን የላከው ሴል ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ይሞታል» ብላ ዓሣዋን መብላት ቀጠለች። እኔ እንጀራዬን እንደጠቀለልኩ በሐሳብ አሰብ ገባሁ።

ኤርትራ ነፃ በወጣች ማግስት ባለቤቴ ጌታቸው የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሺያን ነበር። ሰላም ገና ለኩፍኝ ክትባት ያልደረሰች ሕፃን ናት። አንድ የአፋር ባልደረባው ከአሰብ በስተሰሜን ወዳለችው በይሉል መንደር ለሠርግ ጠራንና በተውሶ ፒክአፕ ወጣን። ጥር ነው፣ አሰብ ለሰው የምትራራበት ወር። ባሕሩ በቀኛችን ያብለጨልጫል፤ እኔ የጨዉን ሽታ እየማግሁ የሠርጉን ፍየል ጥብስ አልማለሁ።

ከግራር ሥር አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ጌታቸው ፍሬን ያዘ።

«ተው አትውረድ፣ ይመሽብናል» አልኩት።

«ዳጉ ሳይለዋወጡ ማለፍ ነውር ነው።»

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ሽማግሌው እኔን ከነልጄ ራቅ ብዬ እንድቀመጥ በእጃቸው አመለከቱኝ። ድሮም ትዕግሥት የለኝም፣ ተቀየምኩ። ጌታቸው ወደብ ስለገባው መርከብ፣ ስለ ስኳሩ መወደድ ተናገረ። ከዚያ እሳቸው በዝግታ ቀጠሉ፤ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ የማን ግመል እንደወለደች፣ ዓሣው ከዳር እንደራቀ። ድምፃቸው ከነፋሱ ጋር ሲመጣ ዓይኔ ተከደነ።

«በይሉል ኩፍኝ ገብቷል» አሉ በዚያው ድምፅ። «ዑመር የሚባል የልጅ ልጅ ነበረኝ። ዛሬ ጠዋት ቀበርነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሕፃኗን ይዘሽ አትሂጂ።»

በሽታው ከእሳቸው እንዳይጋባባት ብለው እንዳራቁኝ ያኔ ገባኝ። ተመለስን። ሰላምን ደረቴ ላይ ለጥፌ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ይህን ለሰላም እስከ ትናንት ነግሬያት አላውቅም ነበር። ስጨርስ ሳህኗን ገፋ አደረገች።

«ዑመር ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አንቺን ያህል ነበር ብለውናል።»

ልጄ ዘንድሮ ሠላሳን አልፋለች። እሱ ግን እስከዛሬ ጡት እንደያዘ ነው።